ጡሩምባ በተከለከለበት ሰፈር

የኮሌጃችን የመጀመሪያዋ የትራምፔት ተማሪ አንድ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥባት አስረዝማ የያዘች ዕለት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች መጥተው በራችንን አንኳኩ። «ማነው ያረፈው?» አሉን። ማንም አላረፈም ነበር። ያን ጠዋት ባስታወስኩ ቁጥር ሳቅና እፍረት እኩል ይመጡብኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። ኮሌጁ ጋቢ አልብሶ፣ ስሜ የተቀረጸበት የመስታወት ዋንጫ አስጨብጦ፣ ኬክ አስቆርሶ ነው የሸኘኝ። ጋቢውን ይኸው ለብሼው እጽፋለሁ። ዋንጫውን ባለቤቴ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ቆልፋበታለች። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ደመወዙ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ደመወዙ አንዳንድ ወር በጊዜው፣ አንዳንድ ወር ደግሞ በይቅርታ ታጅቦ ይመጣ ነበር፤ እሱን በዚሁ ልለፈው። ልጽፍ የተነሳሁት አንዲት ተማሪ፣ አንድ አለቃና አንድ እድር ስላደረጉልኝ ነገር ነው።

ትራምፔት የተማርኩት በወጣትነቴ በሠራዊት ባንድ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቼ በሆቴልና በምሽት ክበብ ስነፋ ኖርኩ። ደህና እየኖርኩ ሳለ ኪቦርድ የሚሉት ነገር መጣ። አንድ ልጅ በአንድ ጣቱ እኛን ነፊዎቹን በሙሉ ተክቶ አሰናበተን። የዚያ ኪቦርድ ትራምፔት ትራምፔት አይመስልም፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ነበር የሚመስለው። ግን እራት አይበላም፣ አይታመምም፣ ጭማሪም አይጠይቅም። ሥራ ፈትቼ መሣሪያዬን ቁም ሳጥን ላይ ባስቀመጥኩበት ወራት ነው ጋሽ ወርቅነህ ቤቴ ድረስ የመጣው።

ጋሽ ወርቅነህ ፒያኖ ተጫዋችና ለባንዶች ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አብረን ብዙ መድረክ ስለሠራን ግን «አንተ» እንድለው የፈቀደልኝ ከጥንት ነው።

«ኮሌጅ ልከፍት ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ዘመናዊ ሙዚቃ፤ ከኖታው እስከ ቀረጻው።»

«የት?»

«ኮተቤ መንገድ። ቪላ ተከራይቻለሁ።»

«ማን ሊማር?»

«ታደለ፣ አንተ ማስተማሩን አስብ። የሚማረው ራሱ ይመጣል።»

መጀመሪያ ላይ ማንም አልመጣም። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከየካ ኮረብታ ሥር የነበረው ያ ቪላ ሳሎኑ ለፒያኖ፣ ማዕድ ቤቱ ለድራም፣ መኝታ ቤቱ ለጊታር ተመደበ። ለእኔ የደረሰኝ ሰርቪስ ቤቱ ነበር። ወላጆች ግቢውን አይተው «ኮሌጅ ነው ያላችሁት?» ብለው ይመለሱ ነበር። አንድ አባት ማዕድ ቤቱን ከፍተው ድራሙን ሲያዩ «ምን እየተሠራ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ ወርቅነህም «ገና አልበሰለም» አላቸው። ልጃቸውን አስመዘገቡ።

ስለ ጋሽ ወርቅነህ ጠባይ ካልነገርኩ የቀረው አይገባችሁም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና የሚገባውን ሁሉ፣ መምህርም ተማሪም ይሁን፣ ከሰላምታ በፊት «ስትመጣ ምን ሰማህ?» ይላል። «ምንም» ብሎ ማለፍ የለም። የታክሲው ረዳት «ኮተቤ! ኮተቤ!» ሲል ድምፁ የቱ ላይ እንደሚወጣ፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ ስንት ጊዜ እንደሚያቃስት፣ አንድ ነገር መናገር ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ወር ተናድጄበት ነበር፤ በሦስተኛው ወር ጆሮዬ ከሠራዊት ባንድ ዘመን ይልቅ ነቅቶ አገኘሁት። ሌላው ጠባዩ፣ ተማሪ ሲጫወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያዳምጠው። «ዓይን ካየ ጆሮ ይሰንፋል» ይል ነበር። «ተሳሳትክ» የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። «ድገመው» ብቻ ነው የሚለው፤ ተማሪው ራሱ ስህተቱን እስኪያገኘው ድረስ።

ሐያት የመጣችው በሁለተኛው ዓመታችን ነው። አባቷ አቶ ሰዒድ መገናኛ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው፤ የሚመኙላት ሂሳብ እንድታጠና ነበር። ቀጭን፣ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ የሆነች ልጅ ነች። ለምን ጊታር ወይም ኪቦርድ እንዳልመረጠች ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ እኔ ስናገር ‹ምን አልሽ?› የማይለኝ ሰው የለም» አለችኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ «ምን አልሽ?» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ትራምፔት ሳንባ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ድምፅ የለውም፤ ድምፁ የሚፈጠረው ከንፈር ላይ ነው፤ ብረቱ የሚያጎላው ያንን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሣሪያውን አላስነካኋትም። ከንፈር የሚያርፍበትን ቁራጭ፣ ማውዝፒስ የምንለውን፣ ብቻ ይዛ ነፋች። ወለል ላይ አስተኝቼ ሆዷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ አስቀመጥኩ፤ ስትተነፍስ መነሳት ያለበት መጽሐፉ ነው፣ ደረት አይደለም። ከዚያ ረጅም ድምፅ መጣ። አንድ ኖታ መያዝ፣ ሳይወፍር፣ ሳይቀጥን፣ ሳይንቀጠቀጥ። ጣት ማፍጠን ማንም ይለምደዋል፤ ነፊን ነፊ የሚያደርገው ረጅሙ ድምፅ ነው። ለዚህ ደግሞ ጠዋት ይሻላል፣ ከንፈር ገና አልደከመምና። አባቷ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ያደርሷት ነበር፤ እሷም ከግቢው ኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ትነፋለች።

ያን ዕለት ድምፁ ተያዘላት። ንጹሕ፣ ረጅም፣ ከአጥር አጥር የሚሻገር ድምፅ። እኔ ከሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ሆኜ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ከአጥሩ ማዶ ጩኸት የተሰማው ወዲያው ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በማለዳ ጡሩምባ ከተነፋ የእድር ለፋፊ ነው፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እኛ ሙዚቀኞቹ ግን ይህን የምናውቀውን ነገር በሙዚቃችን ረስተነው ነበር። የአጥር ጎረቤታችን የወይዘሮ ብዙነሽ ባለቤት በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ ጡሩምባውን እንደሰሙ፣ ከሆስፒታል ለእድሩ ተነግሮ ለእሳቸው የተደበቀ መስሏቸው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶቹ ድንኳን ለማውጣት ተጠራሩ። ባለቤታቸው በሕይወት መኖራቸው በስልክ እስኪረጋገጥ ድረስ ወይዘሮ ብዙነሽ አፈር ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ሐያት መሣሪያዋን ሻርፕዋ ውስጥ ሸሽጋ ስታያቸው አስታውሳለሁ።

በእሑዱ እድርተኛው የድንኳኑና የወንበሩ ማስቀመጫ ከሆነው የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ተሰበሰበ፤ እኛም ተጠራን። ከሳሹ ለፋፊው ጋሽ ቱፋ ነበሩ። ሰፈሩ እርሻ በነበረበት ጊዜ ያንኑ መሬት ያረሱ፣ ከዚያም ከተማው ሲመጣ እዚያው የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሞት ሲለፍፉ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይደግሙታል።

«ትራምፔት እኮ ነው፤ ጡሩምባ አይደለም» አልኩ እኔ ቀድሜ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው፣ መምህር?»

«ይሄ በጣት የሚጫኑት ፒስተን አለው።»

«አልጋው ላይ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ፒስተኑ ይታየዋል?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ቱፋ ግን አልሳቁም። «እኔ ሙዚቃ አልጠላም» አሉ። «ግን እዚህ ሰፈር ጡሩምባ የሰው ስም ነው የሚጠራው። ስም የሌለው ጡሩምባ የተነፋ እንደሆነ፣ ሁሉም የሚፈራለትን ሰው ስም ይሞላበታል። ብዙነሽም የሞላችው ይህንኑ ነው።»

ከፊሉ እድርተኛ ኮሌጁ ከሰፈሩ ይውጣ አለ፤ አከራያችንም እድርተኛ ነበሩና አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ተነስቶ ወይዘሮ ብዙነሽ እግር ላይ ወደቀ፤ አነሱት፣ ሳሙት። ተመካክረው እንዲህ ወሰኑ፦ ኮሌጁ ይቆይ፤ ነገር ግን በዚህ ሰፈር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲያርፍ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ውሳኔውን ተቀብሎ አንድ ነገር ለመነ፤ ኮሌጁን የእድሩ አባል አድርጉልን አለ።

«ኮሌጅ እንዴት እድርተኛ ይሆናል? ኮሌጅ ይሞታል እንዴ?» አለ አንዱ።

«እንዳይሞት ነው የምንገባው» አለ ጋሽ ወርቅነህ። ተመዘገብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲያርፍ ድራሙም ፒያኖውም ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ተማሪዎቻችን ወንበር ይሸከማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ።

ኮሌጁ ተረፈ፤ ሐያት ግን በሙዚቃ ቤት ውስጥ ድምፅ የተከለከለች ሆነች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። የሰርቪስ ቤቱን መስኮትና ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ በትራምፔቱ አፍ ላይ ማፈኛ ገጠምንበት፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ነፋች። ጣቷ ፈጠነ፣ ኖታ ማንበቧ ተሻሻለ። ድምፅዋ ግን በየሳምንቱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ሰው እንዳይሰማት ስትፈራ ማውዝፒሱን ከንፈሯ ላይ ትጫነዋለች፤ ልምምድ ጨርሳ ስትወጣ አፏ ላይ ቀይ ቀለበት ይቀራል። አየሁት፣ አስጠነቀቅኳት፣ ብርድ ልብሱ ግን ከእኔ በላይ አስተማሪ ሆነ።

በዓመቱ መጨረሻ ከሰፈሩ ርቀን በተከራየነው አዳራሽ ተማሪዎቻችን ለወላጆች ተጫወቱ። አቶ ሰዒድ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ነበር። ማፈኛ የለም፣ ከልካይ የለም። ሐያት ወጥታ ትራምፔቱን አነሳች። የወጣው ድምፅ ቀጭንና የተሰበረ ነበር። እንደገና ሞከረች፤ ተሰበረ። በሦስተኛው መሣሪያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወረደች። አቶ ሰዒድ ወደ እኔ መጥተው በቁጣ ሳይሆን በሐዘን «እኔ ልጄን ድምፅ እንድታወጣ ነበር የሰደድኳት» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አጥንቴ ድረስ የገባ ቃል የለም። በማግስቱ ሐያት አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም።

ጋሽ ወርቅነህ ጠርቶኝ «ያን ዕለት ምን ሰማህ?» አለኝ።

«ፍርሃት» አልኩት።

«እኔ የሰማሁት ብርድ ልብሱን ነው። ልጅቷን ገና አልሰማናትም። ተነስ፣ ሱቅ እንሂድ።»

አቶ ሰዒድ ሚስማር እየመዘኑ አገኘናቸው። ከሚዛኑ ቀና አላሉም።

«ልጅዎ አልወደቀችም፤ የወደቅነው እኛ ነን» አላቸው ጋሽ ወርቅነህ። «ትመለስልን።»

«ተመልሳ የት ልትነፋ ነው? እድሩ ከልክሏል።»

«እድሩ የከለከለው ሰፈሩን ነው፤ እንጦጦን አልከለከለም።»

«ጫካ ውስጥ? ሴት ልጅ? በዚያ ማለዳ? በማን መኪና?»

«በእርስዎ መኪና» አለ ጋሽ ወርቅነህ።

አቶ ሰዒድ ሚዛኑን አስቀመጡት። «እናንተ ሙዚቀኞች ዓይን አውጣ ናችሁ» አሉና ሚስማሩን ለደንበኛቸው አስረከቡ። ቅዳሜ በማለዳ ፒክአፓቸውን አስነስተው በራችን ላይ ቆመው ነበር፤ ሐያት ከጎናቸው ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ከእንጦጦ ራጉኤል አለፍ ብለን ጫካው ገለጥ ያለበት ቦታ አቆምን። አቶ ሰዒድ ከመኪናው አልወረዱም፤ መስኮቱንም ዘግተውታል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ሯጮች በተርታ እየተነፈሱ ያልፋሉ። ሐያት ነፋች፤ ያው የተሰበረው ድምፅ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ «አልሰማሁሽም» አለና ራቅ ብሎ ቆመ። ደግማ ነፋች። «አልሰማሁሽም» ብሎ አሁንም ራቀ። ቀለበቱ ከንፈሯ ላይ ወጥቶ ይታየኛል። እንባዋ እየመጣ ነበር፤ እኔም ይበቃል ልል አፌን ከፍቻለሁ።

በዚህ መሐል ከራጉኤል የሚመለሱ አንዲት እናት በመንገዱ ብቅ አሉ። ከጫካው የሚመጣውን ድምፅ ሰምተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አማተቡ። ጋሽ ወርቅነህ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ዛፎቹ መካከል ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እናትዮዋ እሱን ሲያዩ መንገዱ ላይ ተንበረከኩ።

«በእመብርሃን! ደረሰ እንዴ?» አሉ።

«ምኑ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ምጽአቱ ነዋ! መለከቱ ይኸው ተነፋ፣ መልአኩም ይኸው!»

ጋሽ ወርቅነህ ዞር ብሎ «ኧረ እኔ ወርቅነህ ነኝ!» አላቸው። ታች ሰፈር ሞት ያወጀ ትራምፔት፣ ላይ ተራራው ላይ ደግሞ የዓለምን ፍጻሜ አወጀ። ሐያት ሳቀች። በእጇ አፏን ሸፍና ጀመረች፤ አልቻለችም፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናትዮዋም ሲገባቸው አብረው ሳቁ፤ ባርከዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አሁን! እንደሳቅሽ ንፊ!» አልኳት። ምክንያቱም ሳቅ የሚመጣው ከዚያው መጽሐፉን ስናስቀምጥበት ከነበረው ቦታ ነው፤ እኔ በወራት ትምህርት ያልፈታሁትን ሆድ እኚያ እናት በአንድ ቃል ፈትተውታል። ነፋች። ድምፁ ወጣ፤ ባሕር ዛፎቹን አልፎ ሄደ፣ ከሸለቆው ተመልሶ መጣ። ጋሽ ወርቅነህ ከሩቅ «ሰማሁሽ!» አለ። ወደ መኪናው ዞር ስል የአቶ ሰዒድ መስኮት ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማለት እንጦጦ ማለት ሆነ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እድሩ ባይከለክለን ኖሮ ያን ሰፊ ክፍል አናገኘውም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሐያት ያንኑ ሙዚቃ በዚያው አዳራሽ ስትጫወት፣ አቶ ሰዒድ ከፊት ተቀምጠው ጎናቸው ያለውን ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ ናት» እያሉ ሰላም ነሱት።

ኮሌጁም አደገ። ፈቃድና እውቅና ለማግኘት የተመላለስንባቸውን ቢሮዎች አልቆጥርም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዓመታት በኋላ ወደ ሲ.ኤም.ሲ አቅጣጫ ባለ ፎቅ ገባን፤ ድምፅ የማያስወጡ ክፍሎች፣ የቀረጻ ስቱዲዮ፣ በኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ልጆች። አሁን «ቲቸር፣ ቫይቡ አሪፍ ነው» የሚሉኝ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አላቸው። ያንን ኪቦርድ እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ፤ የሚያስተምረው ልጅ ጓደኛዬ ሆኗል። ሐያት ለሠርግና ለመድረክ ስትጫወት ቆይታ መምህር ሆና ተመለሰች፤ እኔ ጡረታ ስወጣ ክፍሌን የተረከበችው እሷ ናት። ነገር ግን ከድሮው እድር አልወጣንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ቢባልም፣ እኛ ርቀን ሄደንም ጎረቤት ሆነን ቀረን። ጋሽ ወርቅነህም ኮሌጁን ሲከፍት እዚያው ሰፈር የገባበትን መኖሪያ ቤት አልቀየረም።

ለሽኝቴ በከዘራ ተደግፎ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ሰማህ?» አለኝ። «ዕድለኛ መሆኔን» አልኩት። እጄን ጨብጦ ረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

ያረፈው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው፤ ተኝቶ በሰላም። ገና ሳይነጋ ተጠርቼ ሄድኩ፤ ሐያትም አባቷን ይዛ ደረሰች። ጋሽ ቱፋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ካረጁና የፊት ጥርሳቸው ከረገፈ ወዲህ እድሩ ጡሩምባውን ትቶ በስልክ መልእክትና በድምፅ ማጉያ ነው የሚለፍፈው። ያን ማለዳ ግን ማጉያውን አልያዙም።

«ለሙዚቀኛ በስልክ መልእክት አይለፈፍም» አሉ። ወደ ሐያት ዞሩ። «ልጄ፣ መሣሪያሽ መኪና ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ግን ጋሽ ቱፋ፣ በዚህ ሰፈር...»

«የወሰንነው ምን ነበር? ሰው ሲያርፍ ብቻ ነው ያልነው። ሰው አርፏል። ንፊ።»

ሐያት ትራምፔቱን አውጥታ ማውዝፒሱን በመዳፏ አሞቀች። ከዚያ ነፋች፤ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ረጅም፣ ባሕር ዛፉ ሥር የነፋችውን ያንኑ ድምፅ። ጋሽ ቱፋ ከፊት ከፊቷ እየሄዱ «እድርተኛ! ጋሽ ወርቅነህ አርፏል!» ይላሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ ይደግሙታል። በሮች ይከፈታሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ እያለቀስኩ አመሰገንኩ፤ እንዲህ ያለ አለቃ፣ እንዲህ ያለች ተማሪ፣ እንዲህ ያለ ሰፈር ስለሰጠኝ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ያን ጊዜ በወደቁበት ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። «ማነው?» ብለው አልጠየቁም። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ሐያትን አዩዋት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬስ እውነቷን ነው» አሉኝ።